የደረት መስቀል በእጅ መጥለፍ፦ ሸማው፣ ንድፉ፣ ስፌቱና ጀርባው

ሸማ እንደ ፋብሪካ ጨርቅ ጸጥ ብሎ አይቀመጥም። ማጉ (በሽመና ጊዜ አግድም የሚገባው ፈትል) በእጅ የተፈተለ ስለሆነ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ይቀጥናል፤ ፈትሉም መርፌ ሳይነካው ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። በዚያ ላይ ስስ ነው፤ ከኋላ የተጎተተ ክርና የተተወ ቋጠሮ ከፊት በግልጽ ይታያል። የደረት ጥልፍ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የስፌቱ አይደለም። ሸማው ሳይታጠብ ተጀምሯል፣ ያለ ገበር ተወጥሯል፣ ወይም ጀርባው ሳይታይ ተሰፍቷል። ስለዚህ እዚህ ወደ መርፌው የምንደርሰው ዘግየት ብለን ነው።

የምንሠራው ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሳ.ሜ. የሆነ፣ አራቱም ክንዶቹ እኩል የሆኑ፣ በሐረግ (እንደ ገመድ በሚጠላለፍ ጌጥ) የተሠራ መስቀል ነው። መርፌ መያዝ ለሚችል ግን ጥልፍ ለጀመረ ሰው ከ15 እስከ 20 ሰዓት ይወስዳል፤ መፍታትና እንደገና መስፋት ስለማይቀር ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ማታ ማታ የሚሠራ ከሆነ ሦስት ሳምንት ያዙለት። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ተብሏልና ለጥር 11 የታሰበ ቀሚስ ኅዳር ሳያልቅ መርፌ ይንካው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የተጀመረ ጥልፍ ወይ ይቸኮልበታል፣ ወይ ወደ መኪና ጠላፊ ይሄዳል።

ሸማውና ገበሩ

ለነጠላ የተሸመነ ስስ ሸማ ለመጀመሪያ ሥራ አይመችም። ለቀሚስ የተሸመነውን፣ ጠበቅ ያለውን ምረጡ። መለየት ቀላል ነው፦ ሸማውን በሁለት አውራ ጣት ያዙና ፈትሉን ወደ ጎንና ጎን ግፉት። ፈትሉ ተከፍቶ መስኮት ከሠራና ተመልሶ ካልገጠመ ጥልፍ አይሸከምም።

በእጅ የተፈተለ ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ምን ያህል እንደሚሰበሰብ ደግሞ ከሸማኔ ሸማኔ፣ ከፈትል ፈትል ይለያያል። ገምቶ ከመሳሳት መለካት ይሻላል። ከሸማው ጠርዝ 20 በ20 ሳ.ሜ. ቁረጡ፣ ለብ ባለ ውኃ አንድ ሰዓት ዘፍዝፋችሁ እጠቡ፣ ጥላ ላይ አድርቁ፣ ከኋላው ተኩሳችሁ እንደገና ለኩ። 20 የነበረው 19 ከሆነ በመቶ 5 ሰብስቧል ማለት ነው፤ በ1 ሜትር 5 ሳ.ሜ. ትርፍ ያዙ። ከዚያ ሙሉውን ሸማ በዚያው መንገድ እጠቡት። የለካችሁባትን ቁራጭ አትጣሏት፤ መለማመጃ ትሆናለች፤ የክር ቀለም የሚፈተነውም በእሷ ላይ ነው።

ገበር የምንለው ከጥልፉ ሥር የሚገባውን ስስ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ነው። እሱም ቀድሞ ይታጠባል። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል። ሸማው ታጥቦ ገበሩ ካልታጠበ ጥልፉ ሲያልቅ ቀጥ ብሎ ያምራል፤ በመጀመሪያው እጥበት ግን ገበሩ ብቻውን ይሰበሰብና መስቀሉ እንደ ተጨማደደ ወረቀት ይሆናል። ያን ጊዜ ካውያም አያድነውም። ወፍራም አቡጀዲም አይሆንም፤ ደረት ላይ እንደ ካርቶን ይቆማል።

ገበሩን ከንድፉ በየአቅጣጫው 8 ሳ.ሜ. አስፍታችሁ ቁረጡ። ማወጠሪያው (ጨርቁን ወጥሮ የሚይዘው ቀለበት) ገበሩንም መያዝ አለበትና። የገበሩ ድር (ቁልቁል የሚወጠረው ፈትል) ከሸማው ድር ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሁን። ድሩን ለመለየት አንድ ፈትል ከጠርዙ መዝዛችሁ እዩ፤ ለስላሳና እኩል የሆነው በአብዛኛው ድር ነው፣ ጉብ ጉብ የሚለው በእጅ የተፈተለው ማግ ነው። ሁለቱን ጨርቆች ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ በሰፋፊ ጊዜያዊ ስፌት አያይዟቸው፦ መጀመሪያ መሃሉን ቁልቁል፣ ቀጥሎ አግድም፣ መጨረሻ ላይ ዙሪያውን። ጭን ላይ አድርጎ ማያያዝ አይሆንም፤ የላይኛው ጨርቅ ይንሸራተትና ሳታውቁት 2 ወይም 3 ሚ.ሜ. ይታጠፋል።

የመሃሉ ቁልቁል ስፌት አንድ ፈትል ተከትሎ ይውረድ። ማስመሪያ አትመኑ። ሸማ በትንሹም ቢሆን ጠመም ብሎ ስለሚሸመን በማስመሪያ ቀጥ ያለው መስመር ቀሚሱ ሲለበስ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

ክርና መርፌ

ዲኤምሲም ሆነ አንከር (ሁለቱም የክር ፋብሪካ ስም ናቸው)፣ የተለመደው የጥልፍ ክር ባለ 6 ነጠላ ነው፣ ማለትም ስድስት ቀጫጭን ክር አንድ ላይ የተያዘ፤ አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ይሆናል። እኛ የምንጠልፈው በ2 ነጠላ ነው። ስለዚህ አንዱ ጥቅል 24 ሜትር ሥራ ይሰጣል ማለት ነው። ለዚህ መስቀል ለሐረጉ መሙያ 2 ጥቅል ቀይ፣ ለጠርዙ 1 ጥቅል ጥቁር፣ ለመሃሉና ለክንዶቹ ጫፍ 1 ጥቅል አረንጓዴ ይበቃል። ክር ሲገዛ ቁጥሩ ይጻፍ እንጂ «ደማቅ ቀይ» ብሎ ማስታወስ አይበቃም። በዲኤምሲ ጥቁሩ 310፣ ቀዩ 321፣ አረንጓዴው 699 ነው። ቁጥሩ ከተያዘ ጎንደር የተጀመረ ጥልፍ ዋሽንግተን ላይ በዚያው ቀለም ሊጨረስ ይችላል።

ለሌላ ንድፍ ምን ያህል ክር እንደሚበላ ለማወቅ የሹራብ ክር በንድፉ መስመር ላይ አጋድማችሁ ለኩ። የሰንሰለት ስፌት የመስመሩን 4 እጥፍ ክር ይበላል፤ ሙሌት (ቦታ የሚሞላው ስፌት) ደግሞ በ1 ካሬ ሳ.ሜ. ወደ 40 ሳ.ሜ. ባለ 2 ነጠላ ክር። የእኛ ሐረግ ርዝመቱ 150 ሳ.ሜ.፣ ስፋቱ 4 ሚ.ሜ. ነው፤ ይህም 60 ካሬ ሳ.ሜ. ይሆናል። 60 በ40 ሲባዛ 24 ሜትር፣ ማለትም ልክ አንድ ጥቅል ነው። ሁለተኛውን የምንገዛው ስለሚፈታውና ስለሚበጠሰው ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ይገዙ፤ ቁጥራቸው አንድ ሆኖ በሌላ ጊዜ የተነከረ ክር ፀሐይ ላይ ሲታይ በጥቂቱ ይለያል፣ የሚለየውም ልክ መስቀሉ መሃል ላይ ነው።

ቀዩና አረንጓዴው ከመሰፋታቸው በፊት ይፈተኑ። አንድ ጣት የሚያህል ክር አርጥባችሁ በነጭ ጨርቅ መሃል ተጫኑት። ቀለም ከለቀቀ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ጥቅሉን በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግማችሁ አጥሩት። ኮምጣጤና ጨው ቀለሙን ያስሩታል የሚባለው በዛሬዎቹ የጥጥ ክሮች ላይ አይሠራም፤ የሚጠቅመው ትርፉን ቀለም አጥቦ ማውጣት ነው። አሁንም የሚለቅ ክር ነጭ ሸማ ላይ አይውጣ።

የጥልፍ መርፌ ቁጥሩ ሲጨምር ይቀጥናል። ለ2 ነጠላ ቁጥር 8፣ ለ3 ነጠላ ቁጥር 7 ይሁን። መርፌው የሚከፍተው ቀዳዳ ክሩን ሳይፈትግ ማሳለፍ አለበት። መርፌው ሲቀጥን ክሩ ይሸረካከታል፤ ሲወፍር ደግሞ ሸማው ላይ ቀዳዳ ይተዋል።

የሥራ ክር ርዝመቱ አንድ ክንድ ነው፣ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ። እሱን አስረዝሞ ጊዜ መቆጠብ አይቻልም፤ ረጅም ክር በሸማው ስለሚመላለስ መጨረሻው ላይ ይነጫል፣ ብርሃኑም ይጠፋል። ነጠላዎቹን ስትለዩ አንድ በአንድ ወደ ላይ ምዘዙ፤ ሁለቱን አንድ ላይ መሳብ ቋጠሮ ይጋብዛል። ከለያችሁ በኋላ መልሳችሁ ጎን ለጎን አጋጥሟቸው። ተለያይቶ የተገጠመ ክር ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል።

ንድፉን መሣል

ባለ 5 ሚ.ሜ. ካሬ ደብተር ላይ 24 በ24 ካሬ ያዙ፤ ልክ 12 ሳ.ሜ. ይመጣል። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋችሁ አንዱን ሩብ ብቻ (12 በ12 ካሬ) ሣሉና ወደ ሦስቱ ገልብጡት። ታችኛው ክንድ ረዘም እንዲል ከፈለጋችሁ ሁለት ቦታ ብቻ ይታጠፋል።

አንድ ወጥመድ አለ። የብራና መጻሕፍቱን ሐረግ አስተውላችሁ ከሆነ ገመዱ አንዴ በላይ፣ አንዴ በታች ያልፋል። በሩቡ ላይ «ላይ» እና «ታች»ን ምልክት አድርጎ መገልበጥ ግን አይሆንም። ንድፍ እንደ መስታወት ሲገለበጥ መጠላለፉ ይጣረሳል፤ ሩቦቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ገመዱ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ በላይ ያልፋል። ስለዚህ በመታጠፉ የሚገለበጠው መስመሩ ብቻ ነው። ወረቀቱ ከተዘረጋ በኋላ አንድ ጣት በገመዱ ላይ አሳርፋችሁ ተከተሉት፦ በመጀመሪያው መገናኛ «ላይ»፣ በሚቀጥለው «ታች»፣ እንደገና «ላይ»። እየሄዳችሁ የሚያልፈውን አጥብቁ፣ ከሥር የሚገባውን በላጲስ ቁረጡት። ገመዱ ወደ ተነሣበት ሲመለስ ተራው ካልገጠመ አንድ መገናኛ ዘላችኋል።

የገመዱን መሃል መስመር ከጨረሳችሁ በኋላ ግራና ቀኙን 2 ሚ.ሜ. ጨምራችሁ ባለ 4 ሚ.ሜ. ሐረግ አድርጉት። ከዚህ የጠበበ ሐረግ በሸማ ላይ ንጹሕ ጠርዝ አያወጣም። በሁለት ሐረጎች መካከል ቢያንስ 3 ሚ.ሜ. ባዶ ይተው፤ ክፍተቱ ከጠበበ መጠላለፉ ከርቀት አይለይም፣ ቀይ እድፍ ነው የሚመስለው።

ለሌላ ሰው የምትጠልፉ ከሆነ መስቀሉ የት እንዲውል እንደምትፈልግ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ መስቀል ከወገብ በታች ወርዶ እንዲጠለፍ የማይወዱ አሉ። መስቀል ለማትለብስ ጓደኛም ያው ሐረግ ብቻውን ከአንገት እስከ ወገብ ቢወርድ ሙሉ ጌጥ ነው።

ወደ ሸማው ማሸጋገር

ቀሚሱ ተሰፍቶ ካለቀ ባለቤቲቱ ለብሳ ቆማ መሃሉ ላይ በስፒል ምልክት ይደረግ፤ ተዘርግቶ የተለካ መሃል ሲለበስ ይወርዳል። የመስቀሉ አናት ከአንገቱ ስንጥቅ መጨረሻ አራት ጣት ዝቅ ይበል።

ስስ ሸማ ከሆነ ከገበሩ ጋር ከመያያዙ በፊት ንድፉን መስኮት መስታወት ላይ በፕላስተር ለጥፋችሁ፣ ሸማውን በላዩ ዘርግታችሁ፣ በውኃ በሚጠፋ የጨርቅ እስክሪብቶ መከተል ይቻላል። የዚህ እስክሪብቶ ጠላቱ ካውያ ነው፤ ሳይታጠብ ከተተኮሰ መስመሩ ላይወጣ ይችላል። ሙቀት የሚያጠፋው ዓይነት እስክሪብቶ ደግሞ ብርድ ሲያገኘው ተመልሶ ሊወጣ ይችላልና ለቀሚስ አይታመንም። የጽሕፈት ካርቦን አይነካ። ሰፊዎች የሚጠቀሙባት የሳሙና ስባሪ ለባለ ቀለም ጨርቅ ግሩም ናት፤ ነጭ ሸማ ላይ ግን አትታይም።

ምንም ምልክት ሸማው ላይ እንዳይቀር የሚያደርገው መንገድ የስስ ወረቀት ነው፦

1. ንድፉን በጫማ ወይም በስጦታ ካርቶን ውስጥ በሚገባው ስስ ነጭ ወረቀት ላይ በእርሳስ ገልብጡ።
2. ወረቀቱን በሸማውና በገበሩ ላይ፣ መሃሉን ከመሃሉ መስመር ጋር አጋጥማችሁ በጊዜያዊ ስፌት ያዙ።
3. መስመሩን ሁሉ በነጭ የመኪና ክር በትናንሽ ስፌት ተከተሉ፤ 3 ሚ.ሜ. ገባ፣ 3 ሚ.ሜ. ወጣ። መነሻና መድረሻውን ሁለት ጊዜ ውጉት።
4. ወረቀቱን በመርፌ ጀርባ ጫር አድርጋችሁ፣ ስፌቱን በአውራ ጣት ይዛችሁ፣ በቀስታ ቅደዱ። የተረፈውን በወረንጦ ልቀሙ።

ይህ ስፌት ሁለት ሥራ ይሠራል፤ መስመሩን ያሳያል፣ በኋላ ደግሞ ለሙሌቱ ጠርዝ መደገፊያ ይሆናል። ሁለት ሰዓት ያህል ይበላል፤ ቢበላም ይህን መንገድ እንመርጣለን።

መወጠር

ሁለት ቀለበት ያለው የእንጨት ማወጠሪያ፣ ስፋቱ 18 ሳ.ሜ. የሆነ፣ መስቀሉን በአንድ ጊዜ ይይዛል። አነስተኛ ማወጠሪያ ከተጠቀማችሁ ያለቀው ጥልፍ በቀለበቱ ጠርዝ ይጨፈለቃል። የውስጠኛውን ቀለበት 2 ሳ.ሜ. በሆነ የጥጥ ጨርቅ ቅዳጅ ዙሪያውን ጠቅልሉት፤ ሸማው እንዳይንሸራተትም፣ የእንጨቱ ምልክት እንዳይቀርም ይረዳል።

ሸማ የሚሳበው በድሩና በማጉ አቅጣጫ ብቻ ነው። በሰያፍ ከተሳበ ለጊዜው እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ ሲፈታ ግን ክቡ ሞላላ፣ መስቀሉም የተንጋደደ ሆኖ ይገኛል። ውጥረቱ በጣት ሲነካ ትንሽ የሚሰጥ ይሁን። ማታ ሥራ ሲቆም ማወጠሪያው ይፈታ።

ስፌቶቹ

የስፌቶች ስም ከአንዷ እጅ ወደ ሌላዋ ይለያያል። እዚህ «ሙሌት» የምንለው ጎን ለጎን ተጠጋግቶ ቦታ የሚሞላውን፣ «ሰንሰለት» የምንለው ቀለበት በቀለበት የሚያያዘውን ነው።

ቋጠሮ የለም። ሲጀመር ከመስመሩ 1 ሳ.ሜ. ርቃችሁ፣ ሙሌት በሚሸፍነው ቦታ ውስጥ፣ ሦስት ጥቃቅን ስፌት ወደ መነሻው እየመጣችሁ ውጉ፤ የክሩን ጅራት ከላይ ቁረጡት፣ ሙሌቱ ይውጠዋል። ሲያልቅ ክሩን ከኋላ ካሉት ስፌቶች ሥር 1 ሳ.ሜ. አሳልፉ፣ አንዱን ዝለሉና መልሳችሁ አሳልፉ፣ ቁረጡ። ጥቁር ክር በቀይ ስፌት ሥር ብቻ እንጂ ባዶ ቦታ ላይ አያልፍም።

ሙሌት በሐረግ ላይ። ሙሌት ከሰንሰለት ይቀድማል። መርፌው ከአንዱ ጠርዝ መስመር ውጭ ላይ ይወጣል፣ ተሻግሮ ከሌላው ጠርዝ ውጭ ይገባል፣ ከሥር ተመልሶ ከመነሻው አጠገብ ይወጣል። በ2 ነጠላ ክር በ1 ሳ.ሜ. ውስጥ ወደ 15 ስፌት ይገባል። 12 ብቻ ከሆነ ሸማው በመካከሉ ይታያል፤ 20 ከሆነ ክሩ አንዱ በአንዱ ላይ ይወጣና ጉብታ ይሠራል። ስፌቱ ሁልጊዜ ከገመዱ ጉዞ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሥራ።

ችግሩ ኩርባው ነው። በኩርባ የውጭው ጠርዝ ረጅም፣ የውስጡ አጭር ነው፤ ሁሉም ስፌት ከጠርዝ ጠርዝ ከሄደ ውስጡ ይታፈንና ሸማው ይቀደዳል። መፍትሔው በውጭው ጠርዝ እንደ ተለመደው መጓዝ፣ በውስጥ በኩል ግን በየሦስተኛው ስፌት መርፌውን ከጠርዙ 1 ሚ.ሜ. አሳጥሮ ከጎረቤቱ ክር ሥር ማስገባት ነው። አጭሩ ስፌት አይታይም፤ የሁለቱ ጎረቤቶቹ ክር ይሸፍነዋል። በቀጥታው መንገድ ላይ ደግሞ በየ10 ስፌቱ ዓይናችሁን አንሥታችሁ ማዕዘኑን እዩ። እጅ ሳይታወቀው ወደ ሰያፍ ያዘነብላል፤ 10 ስፌት መፍታት ይቻላል፣ 60 ግን ያስለቅሳል።

መገናኛ ላይ ስትደርሱ ተራው «ላይ» ከሆነ ሳትቆሙ እለፉ። «ታች» ከሆነ መርፌውን በላይኛው ሐረግ ጠርዝ ላይ ወደ ኋላ አስገቡ፣ 4 ሚ.ሜ. ከሥር ዝለሉ፣ በማዶው ጠርዝ አውጡና ቀጥሉ። የተዘለለው ክር ከላይኛው ሐረግ ጀርባ ስለሚሆን ከፊት አይታይም። ከዚህ የረዘመ ዝላይ በሸማ ላይ አይፈቀድም፤ ክሩን ጨርሳችሁ እንደገና ጀምሩ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

የአንድ ሙሌት ስፌት ርዝመት ከ7 ሚ.ሜ. እንዳይበልጥ። ከበለጠ የአንገት ሐብልና የነጠላ ጥለት እየያዘ ይጎትተዋል። የመሃሉን አረንጓዴ ካሬ ሁለት ቦታ ከፍሉት።

ሰንሰለት በጠርዙ ላይ። በሙሌቱ ጠርዝና በሸማው መካከል መርፌውን አውጡ። ክሩን በግራ አውራ ጣት ወደ ታች ያዙት፤ መርፌውን በወጣበት ቀዳዳ መልሳችሁ አስገቡ፣ 3 ሚ.ሜ. ፊት ለፊት አውጡ፣ ክሩ ከመርፌው ጫፍ ሥር ይሁን። ሳቡ። ቀለበቱ የጤፍ ሳይሆን የስንዴ ፍሬ መምሰል አለበት፤ መሃሉ ክፍት፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ። ቀለበቱ ተጣብቆ ነጠላ መስመር ከመሰለ ከልክ በላይ ስባችኋል፤ ሸማውም ዙሪያው መኮማተር ይጀምራል። በቀጥታ መስመር በ1 ሳ.ሜ. 3 ቀለበት፣ በኩርባ 4 ወይም 5።

ማዕዘን ላይ ሰንሰለት ራሱ አይታጠፍም፤ ዝም ብላችሁ ካዞራችሁት ማዕዘኑ ክብ ይሆናል። የመጨረሻውን ቀለበት ከጫፉ ውጭ በምትገባ ጥቃቅን ስፌት ቸንክሩት፤ ከዚያ በቀለበቱ ውስጥ መርፌውን አውጥታችሁ በአዲሱ አቅጣጫ ቀጥሉ። ዙሩ ሲገጥም የመጨረሻው ቀለበት ከመጀመሪያው ቀለበት ሥር ገብቶ በወጣበት ቀዳዳ ይመለስ፤ መገጣጠሚያው የት እንደሆነ ማንም አያገኘውም።

ወርቅማ ክር መጨመር ለሚፈልግ፦ በሸማው ውስጥ አታመላልሱት፤ ይላጣል። በላዩ አጋድማችሁ በቀጭን ቢጫ የመኪና ክር በየ3 ሚ.ሜ. ቸንክሩት፤ ሁለቱን ጫፎች ብቻ ወደ ኋላ አስገቡ። ርዝመቱም ከአንድ ስንዝር ተኩል አይብለጥ።

በካሬ የሚቆጠር መስቀለኛ ስፌት የለመዳችሁ አንድ ነገር እወቁ፦ የሸማ ድርና ማግ በቁጥር እኩል አይደሉም። ፈትል ቆጥራችሁ ከሠራችሁ ክብ የነበረው ይረዝማል። በላዩ የሚሰፋ፣ በኋላ ፈትል በፈትል የሚመዘዝ ካንቫስ ተጠቀሙ። በ1 ሳ.ሜ. 5.5 ካሬ ባለው ካንቫስ 41 ካሬ የሆነ ንድፍ ወደ 7.5 ሳ.ሜ. ይመጣል። መርፌው ሹል ይሁን፤ ሸማውን መውጋት አለበትና። ሲያልቅ ካንቫሱን አርጥባችሁ በወረንጦ አንድ በአንድ ምዘዙ። ከመሃል አትጀምሩ፣ ከጠርዝ ነው።

ሲሳሳቱ መፍታት

መርፌውን በመጣበት መንገድ መልሶ መሳብ የለም፤ ማጉን ወግቶ ይዞት ይወጣል። መርፌውን ከክሩ አውጡ፣ ስፌቱን በመርፌ ጀርባ አንድ በአንድ አንሡ። ብዙ ከሆነ ከኋላ በትንሽ መቀስ ቁረጡና ከፊት በወረንጦ ልቀሙ። የተፈታ ክር ተመልሶ አይሰፋም። የተከፈተውን ፈትል በጥፍር ጫር ጫር አድርጋችሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ ነክታችሁ ይድረቅ፤ በአብዛኛው ይገጥማል። ማግ ከተበጠሰ ደግሞ ከቀሚሱ ስፌት ትርፍ አንድ ፈትል ምዘዙና በዚያው ቦታ በድሩ መካከል አንዴ በላይ፣ አንዴ በታች እያሳለፋችሁ 2 ሳ.ሜ. ያህል ሽመኑት። የመኪና ክር አታድርጉበት፤ ያበራል፣ ይታያል።

ማጠብና መጨረስ

ጊዜያዊ ስፌቶቹን አውጡ። ጥልፉን በቀዝቃዛ ውኃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ዘፍዝፉ፤ አትሹት፣ አትጭመቁት፣ በረኪና አይጠጋው። ቀለም ሲለቅ ካያችሁ አታድርቁት፤ ውኃው እስኪጠራ እየቀያየራችሁ አቆዩት። የደረቀ እድፍ ነው የሚጸናው። በፎጣ ጠቅልላችሁ ውኃውን አስመጥጡ፣ ዘርግታችሁ አድርቁ፣ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ በወፍራም ፎጣ ላይ ገልብጣችሁ ከኋላ ተኩሱት። ፊቱ ወደ ፎጣው ስለሚሰምጥ ጥልፉ አይጨፈለቅም። ካውያው ይቀመጥ፣ ይነሣ እንጂ አይጎተት።

ገበሩን ከጥልፉ ዙሪያ አስጠግታችሁ ከቆረጣችሁ ጥላው በሸማው በኩል ይታያል። ወይ እስከ አንገቱና እስከ ትከሻው ስፌት አድርሳችሁ ዝምዝሙት፣ ወይም ቀሚሱ ሙሉ ገበር ካለው በ1 ሳ.ሜ. ቁረጡት።

አብሮ መጥለፍና ማሳየት

አራት ወይም አምስት ሆኖ መቀመጥ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የምታሳየው ሰው እጅ አይታይም። ቀኝ እጇን የምትጠቀመውን ከጎናችሁ እንጂ ከፊታችሁ አታስቀምጧት፤ ፊት ለፊት የተማረ ሰንሰለት ተገልብጦ ነው የሚገባው። ግራኝ ከሆነች ግን ፊት ለፊት ትቀመጥ፣ እንደ መስታወት ትከተል። ስታሳዩ ከሸማው ቀለም በጣም የሚለይ 6 ነጠላ ክርና ወፍራም መርፌ ያዙ፤ በ2 ነጠላ የተሠራን ነገር ከጎን ያለ ዓይን አያየውም። ጀማሪዋ መጀመሪያ 10 ሳ.ሜ. ሰንሰለት፣ ቀጥሎ አንድ ማዕዘን፣ ቀጥሎ 3 ሳ.ሜ. ሙሌት በኩርባ ትሥራ። እነዚህን ሦስቱን የያዘች መስቀሉን ትችላለች።

ቡና ሲቀርብ ጥልፉ ታጥፎ ወደ ቦርሳ ይግባ። ነጭ ሸማ ላይ የወደቀ የቡና ጠብታ ስንት ሥራ እንዳበላሸ የጠላፊ ቤት ያውቀዋል።

ንድፍ ስትለዋወጡ ፎቶ ብቻውን አይጠቅምም። ንድፉ በካሬ ወረቀት ይሁን፣ የካሬው ብዛት በሁለት አቅጣጫ ይጻፍ፣ «ላይ» እና «ታች» ምልክት ይደረግበት። ፎቶ ካነሣችሁ በመስኮት ብርሃን፣ ከአናት ቀጥ ብላችሁ፣ አንድ ሳንቲም ለመጠን አጠገቡ አስቀምጣችሁ፣ ፊቱንም ጀርባውንም አንሡ። ጀርባው ሲታይ ክሩ የት እንደ ተጀመረና የት እንደ ዘለለ ያለ ማብራሪያ ይገባል። ንድፉን የሣለችው ሌላ ከሆነች ስሟ ከንድፉ ጋር ይሂድ።

እያንዳንዷ 20 በ20 ሳ.ሜ. ናሙና ብትይዝ ጥሩ ነው። በጠርዙ ላይ በጥቁር ክር ሦስት ቁጥር ትጥለፍበት፦ የክሩን ቁጥር፣ ስንት ነጠላ እንደሆነና የመርፌውን ቁጥር። ናሙናው ከእጅ እጅ ሲዞር ማንም ገልብጦ ሊያየው ይችላል፤ ስለዚህ ገበሩ ከሦስት ጎን ብቻ ይሰፋና አራተኛው ጎን ክፍት ይተው።